ያልተነገረ መርዶ

ውዳሴ ሳይታሰብ ከጅቡቲ በመጣችበት ቀን፣ ላፍቶ ያለው ያ መንደር የለበሰውን ጥቁር በአንድ ትንፋሽ አወለቀ።

መጀመሪያ ያየቻት ባለሱቋ ገዲሴ ነበረች። ልጅቷ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ዳገቱን ስትወጣ ብታያት፣ ሚዛን ላይ ያለውን ስኳር ከነደንበኛው ትታ በጓሮ በኩል ሮጠች። ጸሐይወርቅ ግቢ ስትደርስ ትንፋሽ አጥሯት ነበር።

«ጉድሽ ፈላ! መጣች!»

«ማን መጣች?»

«የእትዬ ወጋየሁ ልጅ ናታ! ውዳሴ! ዳገቱን ጨርሳለች እኮ ነው የምልሽ!»

ጸሐይወርቅ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ወጋየሁ በዚሁ ግቢ አብራት የኖረች ታላቅ እህቷ ናት፤ ነሐሴ ውስጥ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ሞታ መካኒሳ ሚካኤል ተቀብራለች። ውዳሴ የወጋየሁ አንድ ልጅ ናት። ጅቡቲ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል፤ የእናቷን ሞት ግን አልተረዳችም። ለምን ሳይነገራት ቀረ የሚል ካለ ወጋችንን አያውቅም ማለት ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። «እናትሽ ሞታለች፣ በይ ደህና ሁኚ» ብሎ ስልክ የሚዘጋ ሰው ምን ዓይነት አውሬ ነው? መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ በሽማግሌ አፍ፣ ስትወድቅ የሚይዛት፣ ስትጮህ አብሯት የሚጮህ ሰው ባለበት ነው። ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ዘመድ እስኪገኝ እየተባለ መስከረም ጠባ። አሁን ልጅቷ ራሷ በእግሯ መጣች።

ከዚያ በኋላ ግርግር ነው። ወንዶቹ ለለቅሶ ደራሽ የተደረደረውን የእድር አግዳሚ ወንበር ተሸክመው በጓሮ ወጡ። ሴቶቹ ጥቁር ቀሚሳቸውን እየገፈፉ አልጋ ሥር ወሸቁ፤ በሐዘን ዘቅዝቀው የለበሱትን ነጠላ አቃኑ። ጸሐይወርቅ ለእህቷ ብላ የተላጨችውን ራሷን በአበባ ሻሽ ጠፍንጋ አሰረች። ውዳሴ የግቢውን በር ገፋ አድርጋ ብቅ ስትል ሁሉም እልል አሉ። ያ እልልታ ከለቅሶ የሚለየው በጥቂት ነበር።

«እማዬስ?» አለች ውዳሴ፣ ገና ከአክስቷ አንገት ሳትወርድ።

«ጠበል ሄዳለች» አለች ጸሐይወርቅ። ምላሷ ከየት እንዳመጣው ራሷም አላወቀች። «ጻድቃኔ ማርያም። ወገቧን እያመማት አይደል እንዴ። ሱባኤዋን ስትጨርስ ትመጣለች።»

«አንቺ ደግሞ ራስሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ቋቁቻ! ቋቁቻ ይዞኝ ተላጪ አሉኝ።»

ገዲሴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ የያዛት አይታወቅም።

ጸሐይወርቅ ይህን ውሸት የዋሸችው ለአንድ ሌሊት ብላ ነበር። ነገ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ዳኛ አባባ ዋቅጅራ ሽማግሌዎቹን ይዘው ይመጣሉ፤ ያኔ ነገሩ ያበቃል። ለእሷም ማብቃት ነበረበት። ወጋየሁ ሊያልቅላት ሲል እጇን ይዛ ያለቻት ከጆሮዋ አልወጣም፦ «ጸሐዬ፣ ለውዳሴ አንቺው በአፍሽ ንገሪልኝ። ከባዳ አፍ እንዳትሰማ። እስክትነግሪያት ድረስ አላርፍም።» ጸሐይወርቅ «እሺ እትዬ» ብላለች። ለሚሞት ሰው እሺ ማለት ደግሞ ዋዛ አይደለም።

ማታ እራት ላይ ውዳሴ የመጣችበትን ጉዳይ አወጣችው።

«ወረቀቴ አልፎበታል አክስቴ። እዚያ ወረቀት የሌለውን እየያዙ ድንበር ያሻግራሉ። ሳልያዝ በፊት በራሴ ወጣሁ። አሁን እዚህ ካለው ኤምባሲያቸው የጉብኝት ቪዛ አስመትቼ ልመለስ ነው።»

«ሲናስ?» ሲና የውዳሴ ልጅ ናት፤ ገና አፏን የፈታች፤ አባቷ ከሄደ የቆየ።

«ጓደኛዬ ሜሪ ጋ ናት። ወረቀት የላትም፤ ይዣት ብወጣ ይዣት መመለስ አልችልም። ሜሪ ደግሞ ጥቅምት ሳይጋመስ ቤይሩት ልትሄድ ነው። እኔ እስከዚያ ካልደረስኩ ልጄን የሚይዝልኝ የለም።»

«ጎብኚ ነኝ ልትያቸው ነው? ጅቡቲ ምን ይጎበኛል?»

«ሙቀቱ ነዋ!» አለችና ውዳሴ ሳቀች። «ግን ቀልድ እንዳይመስልሽ። ፎቶ ይፈልጋሉ፣ ፊት ለፊት አስቀምጠው ይጠይቃሉ። የደላት ሰው መምሰል አለብኝ። ባይሰጡኝ እብዳለሁ። እማዬ ትሙት እብዳለሁ!»

ገበታው ላይ የነበረ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። ውዳሴ ከልጅነቷ ጀምሮ መሐላዋ ይኸው ነበር፤ ውሃ ጠማኝ ለማለትም እማዬ ትሙት ትላለች። በዚህ መሃል ገዲሴ የረሳችውን ሻሽ ልትወስድ ገባች፤ ከልማድ የተነሳ ነጠላዋን ዘቅዝቃ። ጸሐይወርቅ ተነስታ ወደ ጓዳ እየገፋች ክንዷን ቆነጠጠቻት። ውዳሴ አጎንብሳ ወጡን ታጣቅስ ነበር።

ጸሐይወርቅ ያን ሌሊት ዓይኗ አልተከደነም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጥሩ ሥር ሲደርሱ ቀድማ ወጥታ ጠበቀቻቸው።

«መልሱልኝ አባቶቼ። ዛሬ አይሆንም።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ አባባ ዋቅጅራ። በመንደሩ ስንት መርዶ የተናገሩ ሰው ናቸው፤ ስንቷን ወዳቂ በእጃቸው ይዘዋል። «ሞት ይደበቃል እንዴ?»

«አይደበቅም። ግን ዛሬ ብትረዳ ጠጉሯን ትላጫለች፣ ፊቷን ትነጫለች። ያንን ፊት ይዛ ኤምባሲ ሄዳ ጎብኚ ነኝ ብትል ማን ያምናታል? ልጇ እዚያ ናት አባባ! ቪዛው እስኪመታ ብቻ። ሲመታ በማግስቱ ኑልኝ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ተንሾካሾኩ፤ አንዱ ነውር ነው አሉ፣ ሌላው ሕፃኗ ታሳዝናለች አሉ። በመጨረሻ አባባ ዋቅጅራ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «ይሁን። ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይህን እወቂ። ነገሩን ያቆየሽው አንቺ ነሽ። ሸክሙም ያንቺ ነው።»

ሸክሙ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቀችው በዚያው ቀን ሲመሽ ነው።

ወጋየሁ በሕይወቷ ሳለች አንድ ልማድ ነበራት። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጣሳ ሙሉ ውሃ ይዛ ወጥታ ደጇን ትረጫለች። «ደጅ ውሃ ካልጠጣ እንግዳ አይረግጠውም» ትል ነበር። ውሃውን ስትጨርስ ጣሳውን ደረጃው ላይ ባለው ድንጋይ ላይ ትደፋዋለች። ከሞተች ወዲህ ያን ደጅ የረጨው የለም። ጸሐይወርቅ ማድ ቤት ሽንኩርት እየላጠች ሳለ ያን ድምፅ ሰማች። ቸፍ። ደግሞ ቸፍ። እያረፈ፣ እየተራመደ።

ገዲሴ ናት ብላ ወጣች። ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ደጁ ግን ርሷል፤ የእርጥብ አፈር ሽታ ይሸታል። ጣሳው ድንጋዩ ላይ ተደፍቷል።

ውዳሴ ከውስጥ በባዶ እግሯ ወጣች። ተኝታ ነበር፤ የትራሱ ጨርቅ ጉንጯ ላይ ታትሟል። ፊቷ ግን ነጥቷል።

«እማዬ መጣች እንዴ?» አለች።

ጸሐይወርቅ በሩን ተደገፈች። «ምን ትመጣለች? ጠበል ናት አላልኩሽም?»

«ደጁን ስትረጭ ሰማኋት እኮ።»

«ዝናብ ነው።»

ሁለቱም ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። የመስከረም ሰማይ ነው፤ የጨርቅ ታክል ደመና የለበትም። ውዳሴ እርጥቡን መሬት ረጅም ጊዜ አየችውና ሳትረግጠው ተመልሳ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ሲመሽ ሲመሽ ጸሐይወርቅን ብርድ ብርድ ይላት ጀመር። ውሃው አንዳንድ ቀን ይረጫል፣ አንዳንድ ቀን ይቀራል። የሚቀርበት ቀን ይብስ ነበር፤ ያን ቀን ጆሮዋ ሥር «ነገርሻት?» የሚላት ድምፅ ይመጣላ። ወጥ እያማሰለች፣ «ነገርሻት?»። ዳዊቷን ገልጣ፣ «ነገርሻት?»። አንድ ቀን ብቻዋን መስሏት «ቆይ እንጂ እትዬ! ሰው እንዴት በሞቱም አይታገስም?» ብላ ጮኸች። ዞር ስትል ውዳሴ በሩ ላይ ቆማለች። «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አላለችም። ሻሿን አስተካከለችላትና አለፈች። ጸሐይወርቅ ያን ቀን ጓዳ ገብታ የእህቷን ቀሚስ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ እንኳ ተከልክላለች። እህቷ ሞታ፣ በአበባ ሻሽ ስትስቅ መዋል! ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ያም ሆኖ የቪዛው ጉዳይ ይሄድ ነበር። ገዲሴ «ጎብኚ መነጽር ያደርጋል» ብላ ጥቁር መነጽር ተውሳ አመጣች። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ጸሐይወርቅ የኤምባሲ ሰው ሆና ውዳሴን ጠየቀቻት። «ለምን ጉዳይ ነው የምትሄጂው?» «ባሕሩን ለማየት።» «ማን አለሽ እዚያ?» «ማንም የለኝም።» «እዚህስ ማን አለሽ? ተመልሰሽ ትመጪ ዘንድ ማን ይጠብቅሻል?»

ውዳሴ ትንሽ ዘገየች። «እናቴ» አለች። «እናቴ አለች እዚህ።»

ጥያቄውን የጠየቀችው ጸሐይወርቅ ራሷ ናት፤ መልሱን ስትሰማ ግን ቀድማ ከወንበሯ የተነሳችው እሷ ሆነች። ሽሮው አረረ ብላ ሮጠች። ምድጃው ላይ ሽሮ አልነበረም።

መካኒሳ ፎቶ ቤት አብረው ሄዱ። ፎቶ አንሺው ቀልደኛ ቢጤ ነው፤ «ፈገግ በይ እህቴ፣ ሰርግ ላይ እንዳለሽ ሁኚ» አላት። ውዳሴ ፈገግ አለች። ጥርሷ የእናቷ ጥርስ ነው። ፎቶው ሲታጠብ ዓይኗ ቀልቶ ወጣ። «መብራቱ ነው» አለ ሰውየው። ጸሐይወርቅም መብራቱ ነው ብላ ተቀበለች፤ ምን አማራጭ አላት?

መስቀል አለፈ። የወጋየሁ አርባ እሁድ ዋለ። ተዝካር በግቢው ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ጸሐይወርቅ ጸሎተ ፍትሐቱን መካኒሳ ሚካኤል በስውር አስደረገች፤ ከአባባ ዋቅጅራና ከገዲሴ ጋር ተጠራርተው በየፊናቸው ሾልከው ሄዱ። ውዳሴ «ሳር ቤት ጓደኛዬን ልጠይቅ» ብላ በጠዋት ስለወጣች እፎይ ብለው ነበር። ነፍስ እስከ አርባ ቀን ቤቷን ትዞራለች ይባላል። ከዛሬ ወዲያ ታርፋለች፣ ደጁም ይደርቃል ብላ ጸሐይወርቅ ተጽናናች። ማታ ጀንበር ስታዘቀዝቅ እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆመች።

ቸፍ።

ዓይኗ እያየ ነው። ማንም ሳይኖር አፈሩ ላይ ውሃ ወደቀ፤ ጠቆረ፤ ወደ እግሯ ቀረበ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ወደ ቤት ገባች። «እነግራታለሁ፣ እነግራታለሁ፣ እነግራታለሁ እትዬ» እያለች ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች።

ቪዛው የተመታው በዚያው ሳምንት ነው። ውዳሴ ወደ ማታ መጥታ ፓስፖርቷን ገልጣ ለአክስቷ አሳየቻት። ማህተሙ ገና ቀለሙ ያብረቀርቃል።

«እልል በይልኝ እንጂ አክስቴ።»

ጸሐይወርቅ እልል አለች። «መቼ ልትሄጂ ነው?»

«ነገ ጠዋት በባቡሩ። ሜሪ ትኬቷን ቆርጣለች፤ የምትጠብቀው እኔን ብቻ ነው።»

ነገ ጠዋት! ጸሐይወርቅ ጫማዋን እንኳ ሳታስር ወደ አባባ ዋቅጅራ ቤት በረረች። «ነገ ጎህ ሲቀድ» አለቻቸው። «በኋላ ብትሄድም ተነግሯት ትሂድ። እኔ ከዚህ በላይ አልችልም። እህቴ ገደለችኝ አባባ።»

ጎህ ሲቀድ መጡ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ገዲሴና ሴቶቹ ጥቁራቸውን እንደገና ለብሰው ከኋላ። ጸሐይወርቅ ሻሿን ፈታ የተላጨ ራሷን አውጥታለች። በሩን ሳያንኳኩ በሩ ተከፈተ። ውዳሴ ለብሳለች፤ ሻንጣዋ እግሯ ሥር ነው። አንድ ጊዜ ሁሉንም አየቻቸው፤ ጥቁሩን ልብስ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ የአክስቷን ራስ።

አባባ ዋቅጅራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን። እግዚአብሔር የሰጠውን...»

ውዳሴ ወድቃ ጉልበታቸውን ያዘች።

«አባባ፣ አይንገሩኝ!»

ሴቶቹ ለጩኸት ያዘጋጁት አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

«በሚካኤል ይዤዎታለሁ፣ አይንገሩኝ። ከነገሩኝ መቀመጥ አለብኝ። ሦስት ቀን መሬት ላይ ሳልቀመጥ፣ ደረቴን ሳልደቃ፣ በእናቷ መርዶ ቀን ባቡር ተሳፈረች ልባል? ያን አላደርግም፤ ያን ለእማዬ አላደርግም። ከተቀመጥኩ ደግሞ ሲና ቀረች። ፊቴን ከነጨሁ ድንበሩ ላይ ፎቶውን አይተው ይመልሱኛል። ሲና ትሙት አልሰማዎትም! ያልተነገረኝን አላውቅም። ካልነገራችሁኝ እናቴ ጠበል ናት።»

ያኔ ነው ጸሐይወርቅ የገባት። ከዚያ ከመጀመሪያው እራት ወዲህ ይህች ልጅ አንድም ቀን «እማዬ ትሙት» ብላ አልማለችም።

«ታውቂ ነበር» አለች።

«ገዲሴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ስትገባ አየሁ። በማግስቱ አጥሩ ሥር ስትማከሩ ነቅቼ ነበር። በአርባዋም መጥቻለሁ አክስቴ፤ በሴቶች በር በኩል ከእናንተ ኋላ ቆሜ ነበር። ስትንበረከኩ ተንበረከክሁ። ሳታዩኝ ተመለስሁ።»

ጸሐይወርቅ ወደ እሷ ሄዳ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። አሁን ሁለት ቃል ቢወጣት ይበቃል። እናትሽ ሞታለች። ለእህቷ የገባችው ቃል ይፈጸማል፣ ደጁ ይደርቃል፣ እሷም ታርፋለች። ቃሉ ጥርሷ ላይ ደርሶ ነበር። «አደራ አለብኝ» አለቻት። «አንቺው በአፍሽ ንገሪያት ብላኝ ነው የሞ... እስክነግርሽ አታርፍም። ደጁን ስትረጭ ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ» አለች ውዳሴ። አሁን እንባዋ ወረደ፤ ድምፅ ግን የለውም። «በረጨች ቁጥር ሰምቻለሁ። ልጅ አላት እኮ እሷም። ልጅ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ትጠብቀኝ በያት። ሲናን ይዤ እስክመጣ ትጠብቀኝ።»

አባባ ዋቅጅራ ረጅም ዕድሜያቸውን መርዶ ሲናገሩ ኖረው፣ ያን ቀን ሳይናገሩ ጎንበስ ብለው ሻንጣዋን አነሱ። እስከ ታክሲው ድረስ ተሸከሙላት። ጥቁር የለበሰው ሁሉ በዝምታ ተከትሎ ዳገቱን ወረደ፤ ላየው ሰው አስከሬን የሚሸኝ ይመስል ነበር። ውዳሴ ታክሲው ውስጥ ገብታ በመስኮቱ እጇን አወጣች፤ ጸሐይወርቅ እስኪነሳ ድረስ አልለቀቀቻትም።

ከርሞ ከርሞ፣ ኅዳር ውስጥ፣ ገዲሴ ሱቅ ስልክ ተደወለ። ጸሐይወርቅ ተጠርታ እየሮጠች መጣች።

«በሰላም ደርሻለሁ አክስቴ፤ እስካሁን መደወያ አጥቼ ነው። ሲና ደህና ናት። ይኸው እየተንጫጫች ነው፣ ትሰሚያታለሽ?» አለች ውዳሴ። ከዚያ መስመሩ እፍ እፍ አለ፤ ድምፅዋም ወረደ። «እማዬ ከጠበል ተመለሰች?»

ጸሐይወርቅ ጥቁር ቀሚሷን አየች። ገዲሴ ከሚዛኑ ኋላ ሆና ከንፈሯን ነክሳለች። መርዶ በስልክ አይነገርም።

«አልተመለሰችም ልጄ» አለች። «ሱባኤ ጨምራለች።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ትጠይቅሻለች።»

ስልኩን አስቀምጣ ዳገቱን ቀስ ብላ ወጣች። ጀንበሯ ወደ ለቡ በኩል ዝቅ ብላለች። ግቢው በር ስትደርስ አልገባችም፤ ጆሮዋን ሰጥታ ቆመች። ውስጥ፣ በዝግታ፣ እያረፈ፣ አንድ ሰው ደጁን ይረጫል።

«ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም እትዬ» አለች ጸሐይወርቅ፣ በሩን እየከፈተች። «ልጅቷን ይዛ ትመጣለች። አብረን እንጠብቃት።»

ገብታ ጣሳውን ከድንጋዩ ላይ አነሳች። የቀረውን ደረቅ ቦታ ራሷ ረጨችው።